አንዴ መልሱልኝ

ጥሩሸዋን ያወቅኋት በሱሪ ነው። ደብረ ብርሃን የገዛሁት ሱሪ ረዝሞብኝ ስለነበር፣ ቀየት ከተማ ውስጥ እጇ የሚታመን ልብስ ሰፊ የት እንደምትገኝ ስጠይቅ የጠየቅሁት ሁሉ ወደ እሷ ሱቅ ጠቆመኝ። ሱቋ ከገበያው ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው። የስፌት መኪናው፣ የካውያው ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ከገቡበት በኋላ ለሰው የሚተርፍ ቦታ ብዙም የለውም። ወሩ ጥር ነበር፤ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አገሩ ሁሉ የሚድርበትና የሚዳርበት ጊዜ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ።

ከራሴ በላይ ምስማር ላይ አንድ ትንሽ ቀይ ማጫወቻ ተሰቅሏል። ፍላሽ ተሰክቶበት ይዘፍናል። ስለ ባቄላ እሸትና ስለ ክረምት መውጣት የሚያወራ ሞቅ ያለ ጭፈራ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ጥሩሸዋ ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አንዴ መልሱልኝ» አለች። ማንን እንዳለች አልገባኝም። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ነካ አደረጉኝና ወደ ማጫወቻው አመለከቱኝ። ተነሥቼ ቁልፉን ተጫንኩት። ቁልፉ ላይ የነበረው ምልክት ከጣት ብዛት ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ተነሣ፤ የእሷም እግር መርገጫው ላይ ከከበሮው እኩል ይወርድ ይነሣ ጀመር። ሱሪዬ እስኪደርስ ድረስ ያንኑ ዘፈን ስመልስላት ቆየሁ።

በኋላ ስለምድ ነገሩን አወቅሁት። እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህ ሥራ አለበት። እሷ እግሯ መርገጫው ላይ፣ እጇ ጨርቁ ላይ ስለሆነ አትነሣም። ቄስም ይሁኑ፣ መምህርም ይሁን፣ በግ ሸጦ የመጣ ገበሬም ይሁን፣ «አንዴ መልሱልኝ» ስትል መነሣት ነው። የምትወደውን ዘፈን መስማት አይሰለቻትም። ሥራ የሚደራረብባትን ሳምንት የምታልፈው በዚያ ዘፈን ነው። አንድ ቀሚስ ከነጥለቱ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚዘፈን ጎረቤቶቿ እየቀለዱ ይከራከራሉ።

ጥሩሸዋ የተወለደችው ከጓሳው የደጋ ሣር ሜዳ ጥግ ነው። ባሏ ተክለጻድቅ ከቀየት ወጣ ብሎ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ከተናገረው ያልተናገረው የሚበዛ ሰው ነው። ልጆቻቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ሙክቶቹን ሸጦ የስፌት መኪናውን የገዛላት እሱ ነው፤ ሲገዛላትም እንዲህ ላደርግ ነው ብሎ አልነገራትም፤ በአህያ ጭኖ አምጥቶ ቤት መሐል አስቀመጠላት። እሷም ከአንድ አሮጌ ልብስ ሰፊ ሥር ተቀምጣ ተማረች። ልጆቹ አድገው ወደየሥራቸው ሲሄዱ ሱቁ ሁለተኛ ቤቷ ሆነ። ነሐሴ ሲያልቅ የተማሪ ልብስ ይመጣል። ለገና ነጠላና ቀሚስ ይመጣል። በጾም ቀለል ሲል ዘፈኑን ትታ በገና ትሰማለች። ጥርና የካቲት ግን የሙሽሮች ናቸው፤ ያኔ ለምሳ እንኳ ከመኪናዋ አትነሣም።

ከግድግዳው ወዲያ ባለው ሱቅ መሲ የምትባል ወጣት የሴቶች ፀጉር ትሠራለች። ሙሽሮቹ ልብሳቸውን ከጥሩሸዋ ተቀብለው ወደ መሲ ስለሚሻገሩ ሁለቱ እንደ አንድ ቤት ሰው ናቸው። ፍላሹን ደብረ ብርሃን ወስዳ ዘፈን የምታስሞላው መሲ ናት።

አንድ ዓመት፣ በዚያው በሠርጉ ወራት፣ ጥሩሸዋ ወደ ራቤል ከተማ ለምትዳር አንዲት ልጅ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምራለች። ማጫወቻው ሰምታው የማታውቀውን ዘፈን ጀመረ። መሲ የሠርግ ዘፈን ስታስሞላ አብሮ የገባ ነው። ከበሮው ቀስ ያለ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን እያወረደች ሌሎቹ ከኋላ የሚቀበሏት የሙሽራ መሸኛ ነበር። ሴትዮዋ እንዲህ ትላለች፦

ደጁ ቀዝቅዞታል፣ ጓሮውም ዝም ብሏል፣
የሳቋ ድምፅ ዛሬ፣ ተራራ ተሻግሯል።

ጥሩሸዋ ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። የሚያስለቅስ ሐዘን አልነበራትም። ልጆቿ ደኅና ናቸው፤ ባሏ ደኅና ነው፤ የዓመቱም ገብስ ጥሩ ነበር። እንባዋ ግን መጣ። የቀሚሱ አንገት ላይ ያሰመረችው መስመር ላይ ወርዶ ጠመኔውን አጠፋው። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ መስመሩን እንደገና አሰመረች፤ መቀሱንም አንሥታ ቆረጠች። ከቆረጠች በኋላ ሜትሩን ብትጥልበት አንገቱ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ አገኘችው።

የሙሽራ ልብስ አበላሽታ አታውቅም ነበር። ልጅቱ ደግሞ በማግስቱ ልትወስድ ትመጣለች። ጥሩሸዋ ሱቋን ዘግታ ብዙ ተቀመጠች። ኋላ ላይ ከቀሚሱ ጫፍ የተረፈውን ጥለት አነሣች፤ ሁለት እጥፍ አድርጋ፣ ገበር ሰጥታ፣ በሰፋው አንገት ዙሪያ ቀና አድርጋ ሰፋችው። ሙሽራዋ ስትመጣ አንገቷን ቀና አድርጋ መስተዋት ፊት ቆየችና እንዲህ ያለ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ጥሩሸዋ እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር፤ የልጅቱ እናት ግን ምርቃቱን ስላወረዱት ዝም አለች። ከሠርጉ በኋላ ሌሎች ሙሽሮች «እንደ ራቤሏ ይሁንልን» እያሉ ይመጡ ጀመር። እስከ ጾም መያዣ ቀየት ውስጥ አንገቱ ያልታጠፈ የሙሽራ ቀሚስ አልተሰፋም። ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ጥበቡ የመጣው ከዓይኔ ውኃ ነው ትላለች።

ያ ዘፈን ግን አላለፈም። ጥሩሸዋ ፈልጋ ታስመልሰው ጀመር። የባቄላ እሸቱን ዘፈን እየሰማች ስትሰፋ ትቆይና፣ እጇ ሲደክማት ወይም ከሰዓት በኋላ ብርዱ በበሩ ሲገባ፣ ያንን የመሸኛ ዘፈን እንዲያመጡላት ትጠይቃለች። ከዚያ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ድምፅ የለውም፤ ስፌቱንም አያቆመውም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ጨርቁ እንዳይነካ ፊቷን ወደ ጎን ማድረግ ለምዳለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች መጀመሪያ ዘመድ የሞተባት መስሏቸው ደነገጡ። አንዷ ልጇ ናፍቋት ነው አለች። ሌላዋ ዓይኗን አሟት ነው፣ ጠበል ትሂድ አለች። መሲ ከግድግዳው ወዲያ ዘፈኑን በሰማች ቁጥር ሥራ ትፈታ ነበር።

በመጨረሻ መሲ የመሰላትን ደግ ነገር አደረገች። ፍላሹን አዲስ ዘፈን ላስሞላበት ብላ ወስዳ ያንን ዘፈን አጠፋችው። ጥሩሸዋ ለጥቂት ቀናት በሥራ ብዛት አላስተዋለችም። ስታስተውል ወደ መሲ ሱቅ ሄደች። መሲ የአንዲት ልጅ ፀጉር ይዛ ነበር።

«መሲ፣ ያ ዘፈን የት ሄደ?»

«የትኛው፣ እትዬ?»

«የማለቅስበት።»

መሲ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ማጥፋቷንም አልደበቀችም፤ «በየቀኑ እንባዎን እያየሁ አላስቻለኝም» አለች።

«እኔ እኮ አልቅሼ አልጨረስኩም» አለች ጥሩሸዋ።

ቁጣ አልነበረበትም። የጎደለውን ክር እንደምትጠይቅ ሰው ነበር የተናገረችው። መሲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘፈኑን አስመለሰችላት፤ የዚያን ዕለትም ደንበኞቿን ከሸኘች በኋላ ጥሩሸዋ ዘንድ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደምታለቅስ የነገረቻት ያኔ ነው።

ጥሩሸዋ ስትዳር አባቷ ከሞቱ ገና አርባቸው አልወጣም ነበር። ቀኑን ሽማግሌዎች ቀድመው ቆርጠውታል፤ ጠላው ተጠንስሷል፤ የወንዱም ወገን ደግሷል። ዘመድ ተመካክሮ ሠርጉ አይፍረስ፣ ግን ዘፈን አይኑር ተባለ። እናቷ ወይዘሮ አረጋሽ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ በር ላይ ቆመው ሸኟት። የመንደሩ ሴቶች በሁለት ወገን ተሰልፈው ነበር፤ ማንም አፉን አልከፈተም። ከበሮው ከተሰቀለበት አልወረደም። ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ወጥታ ስትሄድ የሚሰማው የበቅሎዋ ኮቴ ብቻ ነበር፤ ወደ ኋላ ዞራ ብታይ እናቷ ያንኑ ቦታ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ክፉ አልነበረም» አለቻት ጥሩሸዋ ለመሲ። «ባሌም ክፉ አልወጣም። የሰው ሙሽራ ሲሸኙ ስሰማ ግን ያ መንገድ ይመጣብኛል። ዝም ያለው መንገድ። ያን መንገድ ሳለቅስበት ይቀለኛል።»

መሲ ይህን ለብቻዋ አልያዘችውም። ከጊዜ በኋላ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሁሉ አወቁት። ያ ዘፈን ሲመጣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዷም የራሷን ነገር አስባ አብራት ታለቅሳለች፤ ሲያልቅ አፍንጫቸውን ጠርገው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ይቀጥላሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ የጥሩሸዋና የባሏ የነፍስ አባት አባ አትናቴዎስ የቀሚሳቸው እጅጌ ተተርትሮ ወደ ሱቁ መጡ። እጅጌው እስኪሰፋ ተቀምጠው ስለ ልጆቹ ጠየቁ፤ ሁሉም ራሳቸውን እንደቻሉ ጥሩሸዋ ነገረቻቸው። «እንግዲያ አንቺና ተክለጻድቅ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሏት። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ሁለቱ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ አብረው ለመቁረብ በየዓመቱ ያስባሉ፤ በየዓመቱም እሷ ዘንድሮ ሥራ በዛብኝ እያለች ለከርሞ ታስተላልፈዋለች። ያን ቀንም የሙሽሮቹን ልብስ ክምር አሳየቻቸው።

አባ አትናቴዎስ ክምሩን አዩትና «የሰውን ሙሽራ ስታለብሺ የራስሽን ሥጋ ወደሙ ረሳሽ» አሏት። ከዚያም ጾም ሳይገባ ካሉት እሑዶች አንዷን ቆርጠውላት፣ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሄዱ።

ጥሩሸዋ ማታ ለተክለጻድቅ ነገረችው። እሱም ጥቂት አስቦ፣ ገብሱ ተወቅቶ ስላለቀ ይሁን አለ። ንስሐ ገቡ፤ ቀኖናቸውን ተቀበሉ። ከሁለት ወገን ሠርገኛ መሐል ጊዜ ሰርቃ ለራሷ ነጭ ቀሚስ ሰፋች፤ አንገቱን አላጠፈችውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሲ ተራ የያዙ ልጆችን አስቀምጣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠራችላት።

እሑድ ሌሊቱ ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ካባ ደረቡላቸው፤ ቅዳሴው አልቆ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። ሲወጡ የሰንበት ተማሪዎቹ ከበሮ መትተው ዘመሩላቸው። ጥሩሸዋ አለቅሳለሁ ብላ ፈርታ ነበር፤ አላለቀሰችም። ዝማሬው ደስ አላት፤ እግሯ ከከበሮው ጋር መሬቱን ሊረግጥ ሲል ሰብሰብ አደረገችው። አፏ ላይ ነጠላዋን እንደያዘች፣ ከሴቶቹ መሐል መሲን አይታ በዓይኗ ሳቀችላት።

የቆረበ ሰው ያን ቀን ሩቅ መንገድ አይሄድም፣ ወዲያ ወዲህም አይልም። ሁለቱ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ጎረቤት ምሳ አምጥቶላቸው ሄደ። ከዚያ በፊት ከሰዓት በኋላውን ሁለቱ ብቻ ሥራ ፈትተው የተቀመጡበትን ቀን ጥሩሸዋ አታስታውስም። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ተክለጻድቅ ድንገት ተናገረ።

«ያን ቀን መንገድ ላይ ልዘፍንልሽ አስቤ ነበር።»

የትኛውን ቀን እንደሚል ወዲያው ገባት። የምታለቅስበትን ምክንያት ለእሱ ነግራው አታውቅም። ከሱቁ አግዳሚ በሰው በሰው ደርሶት ይሁን፣ ከመጀመሪያውም ያውቀው ይሁን፣ አልጠየቀችውም።

«ከበቅሎዋ ጎን ስሄድ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር» አለ። «ሚዜዎቹን አፈርኩ። የአባትሽም መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም።»

ጥሩሸዋ ምን ሊዘፍንላት እንደነበር ጠየቀችው።

«የማውቀው አንድ ነው። የውድማውን።»

የውድማው ዘፈን ገብስ ሲወቃ ለበሬዎች የሚዘፈን ነው። በሬዎቹ እንዲዞሩ፣ እንዳይታክቱ፣ ጭድ በመላስ እንዳይዘገዩ የሚያባብል። ጥሩሸዋ በሙሽራ ልብስ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጣ፣ የበሬ ዘፈን እየተዘፈነላት ስትሄድ ታያት። ቆራቢ እንደ ልቡ አይስቅም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ብትይዝም አልቻለችም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ተክለጻድቅም ከት ሊል ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንዲህ ሆነው ቆዩ።

ከሳምንት በኋላ እናቷን ሊጠይቁ ተነሡ። ወይዘሮ አረጋሽ ጉልበታቸው ስለያዛቸው ወደ ቁርባኑ መምጣት አልቻሉም ነበር። ጥሩሸዋ ልብስ ያልደረሰላቸውን ሁለት ሙሽሮች ለምና፣ ሱቋን ቆልፋ ወጣች፤ በዚያ ወር እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እስከ መሐል ሜዳ ከተማ በመኪና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እሷ በተከራዩት ፈረስ፣ እሱ በእግሩ። ጓሳው ላይ ሲደርሱ ጉሙ ወርዶ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች የቆመ ሰው እየመሰሉ አንድ በአንድ ይታዩ ነበር።

ወይዘሮ አረጋሽ አማቻቸውን በበር ተቀብለው ሳሙት። ቤታቸው በዚያ ዓመት ሣሩን የሚጠብቀው የአገሬው ማኅበር ጓሳውን ለአጨዳ ሲከፍት በመጣ ሣር አዲስ ተከድኗል፤ ገና ይሸታል። ቁርባኑን ሲነግሯቸው ደጋግመው ተመስገን አሉ። ተቀምጠው ሲያወጉ ተክለጻድቅ ወደ አማቱ ዞረና፣ ልጅዎ የሙሽራ መሸኛ ስትሰማ ታለቅሳለች አላቸው። ጥሩሸዋ ሐፍረት ያዛት። ወይዘሮ አረጋሽ እሳቱን ቆሰቆሱት፤ ስለ በጎቹ ጠየቁ።

በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወዲያ እየተጣሩ፣ ሁለቱ ለመንገድ ተነሡ። ተክለጻድቅ ፈረሱን ሊጭን ወጣ። ጥሩሸዋ ልትከተለው ስትል እናቷ «ቆይ፣ አትውጪ» አሏት። ቀድመዋት ወጥተው በሩ ላይ ዱካ አስቀመጡና ተቀመጡ። ከግድግዳው ሥር የነበረውን ባዶ ቢጫ ጀሪካን ሳቡና ጉልበታቸው መሐል አስገቡት። በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙት። ከዚያ ያን ዘመን የመንደሩ ሴቶች የሚያውቁትን የመሸኛ ዜማ ጀመሩ። ቃሉ የጠፋባቸው ቦታ ላይ ዜማውን ብቻ ያንጎራጉሩና ይቀጥላሉ። ከዚያም የራሳቸውን ጨመሩ፦

ያኔ ዝም ብዬ፣ የሸኘሁሽ ልጄ፣
ዛሬ ድምፅ አገኘሁ፣ ቁሚልኝ ከደጄ።

ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት ሴትዮ ድምፁን ሰምተው ማድጋቸውን እንደያዙ መጡ፤ ነገሩን ሳይጠይቁ ማድጋቸውን አስቀምጠው በጭብጨባ ተቀበሉ። ሌላም ሴት ከላይኛው ቤት ወረደች። ጥሩሸዋ በሩ ውስጥ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። እንባ አልመጣላትም። ይልቅ ፊቷ ጋለ፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ልጆች አሳድጋ የጨረሰች ሴት እንደ ዕለቱ ሙሽራ አፈረች። ደስ አላት። ቀና ስትል ተክለጻድቅን አየችው። ፈረሱን በልጓም ይዞ፣ በደረበው ባና ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ፈረሱ ፊቱን ወደ እሱ እያመጣ ያሸተዋል።

ሲጨርሱ ጥሩሸዋ እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ያኔ ድምፄ የለም ነበር» አሏት ወይዘሮ አረጋሽ። «አባትሽ ይዞት ሄደ። ለብዙ ጊዜ አልተመለሰም።»

እንደገና እንዲሉላት ጠየቀቻቸው። ጉሮሯቸው እንደደረቀ ነግረዋት ጠላ እንድትቀዳላቸው አዘዟት። ጎረቤቶቹም ገቡ፤ መንገዱ እስከ እኩለ ቀን ዘገየ። ማንም በስልክ አልቀዳውም። መሲ ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ ጥሩሸዋ ግን አልቆጫትም። ያ የፍላሹ መሸኛ አሁንም ከማጫወቻው አልወጣም፤ አሁንም ታስመልሰዋለች፤ አንዳንድ ቀን ታለቅስበታለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የበሬው ዘፈን ትዝ ይላትና መርፌው ሥር ጨርቁን ይዛ ትስቃለች። አግዳሚው ላይ ያሉት የትኛው እንደሚመጣ አስቀድመው አያውቁም።

ያን ክረምት ብርዱ ስለከበዳቸው ወይዘሮ አረጋሽ ወደ ቀየት መጡ። ቤት ብቻቸውን መዋል አልወደዱም፤ ጠዋት ጠዋት ከልጃቸው ጋር ሱቁ ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ጥግ ይዘው የልብስ ቁልፎችን በየመልካቸው ይለያሉ። እኔም ኮት ላስጠብብ የሄድኩት በዚያ ሰሞን ነው፤ ይህን ሁሉ የሰማሁትም እናትና ልጅ እየተቀባበሉ ሲያወሩልኝ ነው። መሲ በቅርቡ ባስሞላችው ፍላሽ ውስጥ አንድ የኦሮምኛ ዘፈን ገብቶ ነበር። ወይዘሮ አረጋሽ ኦሮምኛ አይሰሙም። ዘፈኑ ግን ሲያልቅ ወዲያው በእጃቸው ይጠቁሙኛል፤ እኔ እነሣለሁ። ጥሩሸዋ ሌላ እንስማ ብትል እናቷ አልሰሟትም።

ከመርሐቤቴ በኩል ጨርቅ የሚያመጣ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ነጋዴ ያን ቀን ገባ። ወይዘሮ አረጋሽ ዘፋኟ ምን እንደምትል ጠየቁት። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና ስለ ፈረስ ነው አላቸው፤ ፈረሷ ጠፍቶባት ስትፈልገው ወንዝ ለወንዝ ትዞራለች።

«እኔ ዝናብ መስሎኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። ጥቂት አሰቡና፣ «አገኘችው?» አሉ።

ነጋዴው እስከ መጨረሻው አዳመጠና እንዳገኘችው ነገራቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ቁልፋቸውን ወደ መለየት ተመለሱ። ጥሩሸዋ የተማሪ ልብስ ክምሩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና አዲስ ክር ሰካች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር፤ የማጫወቻውን ድምፅ ከፍ አደረግሁላቸው።